ዛፍ የማይተከልበት ማሳ

ወይራምባ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ልጄ ለሰናይት ወንድይፍራው፤
ካምፓላ

ይህች ደብዳቤ ስትደርስሽ ጤናሽ የተሟላ፣ ሥራሽ የሰመረ፣ ቤትሽ እንግዳ የማይጠፋበት ይሁን። እኛ በወይራምባ ማርያም ጥላ ሥር፣ መንገዱ ሲከፈት ደስ እያለን ሲዘጋ እየታገሥን፣ ተመስገን አለን።

በአካል አንተዋወቅም። መንግሥቱ ኪሩ እባላለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። አንቺና እኔ የምንገናኘው በአውላቸው ነው። አውላቸው ቢተውንና ለተጊዮርጊስን ወለደ፤ እኔ የቢተው ዘር ነኝ፣ አንቺ የለተጊዮርጊስ። ሩቅ ነው ትይኝ ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሰው ባዳ አይባልም። አድራሻሽን ያገኘሁት ከወንድምሽ ከእስክንድር ነው፤ ለዓይኔ ሕክምና ባሕር ዳር በወረድሁ ጊዜ ቤቱ አሳድሮኛል።

ጉዳዬ ይህ ነው። የአውላቸውን ዘር ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ የሚዘረዝር መጽሐፍ ጽፌ ጨርሻለሁ። ማን የትኛውን መሬት ያዘ፣ ማን ለማን አወረሰ፣ ማን ወዴት ተሰደደ፣ ሁሉም አለበት። ለትንሣኤ በዓል ማተሚያ ቤት እንዲገባ አስቤያለሁ። የቀረኝ የእናንተ ወገን ነው፤ እናንተ ከቡሬ ዳንግላ፣ ከዳንግላ ቻግኒ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ አሁን ደግሞ ኡጋንዳ እያላችሁ አላስቀምጥ ብላችሁኛል። የአባትሽን፣ የአያትሽን የወይዘሮ ታደለችንና የእህት ወንድሞችሽን ስም ከፎቶግራፍ ጋር ላኪልኝ። ለማተሚያም እንደ ሌላው ዘመድ የአቅምሽን መዋጮ ብታደርጊ ስምሽ በመጨረሻው ገጽ ይሰፍራል።

እንድታዪው ብዬ ስለ እናንተ የተጻፈውን ዐሥራ አራተኛውን ገጽና ለሽፋን የመረጥሁትን ፎቶግራፍ አያይዤልሻለሁ። ፎቶግራፉ የቀዩ ማሳ ነው፤ የአውላቸው ርስት ከሆኑት መሬቶች ሁሉ እንደ እርሱ የሚያምር የለም። እኛ እንደ ጎረቤቶቻችን ባሕር ዛፍ አልሞላንበትም፤ ጠርዙ ድረስ ንጹሕ ማሳ ነው።

በጸሎት አስቢን።

መንግሥቱ ኪሩ

(ከገጽ 14) «ለተጊዮርጊስ አውላቸው፦ በክፉ ቀን፣ የደረሳትን ርስት፣ ቀዩን ማሳ፣ ለወንድሟ ለቢተው ሸጣ ወደ ምዕራብ ጠፋች። ዘሮቿ በቻግኒና በአዲስ አበባ ይገኛሉ ይባላል።»


ካምፓላ፣ ማኪንድዬ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መንግሥቱ፤

ማርያም በምሕረቷ ትጠብቅዎ፤ ዓይንዎንም ታብራልዎ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ አንድ ምግብ ቤት አለኝ፤ ዘንድሮ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሰው ሲጠፋ እኔው አበስላለሁ፣ ሲበዛ እኔው እጮሃለሁ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ዝም እላለሁ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ተናድጄ። ደስታው ይቆየንና ከንዴቱ ልጀምር።

«ይገኛሉ ይባላል» ያሉት እኛን ነው። እሺ፣ እሱን ልለፈው፤ እኔ መኖሬን አውቃለሁ። «ሸጣ ጠፋች» የምትለዋን ግን አላልፋትም። አያቴ ታደለች ይህችን ቃል ይዛ ነው የሞተችው። በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ከቻግኒ በጭነት መኪና ተነሥታ፣ ቀሪውን በእግሯ ሄዳ፣ እናንተ ቤት ለአንድ ተዝካር መጣች። የአያቷን አገር አይታው አታውቅም ነበር። ማን ነሽ ሲሏት የለተጊዮርጊስ የልጅ ልጅ ነኝ አለች። አንድ ሰው «የሻጭ ልጅ» አለ፣ ሌላው ሳቀ። ደጃፉ ጋ አስቀመጧት። ውሃ ይዞ እጅ የሚያስታጥበው ጎረምሳ ከእሷ ጎን ያለችውን አስታጥቦ፣ እሷን ዘሎ፣ ቀጥሎ ያለውን አስታጠበ። እጇን ሳትታጠብ እንዴት ትብላ? ተነሥታ ወጣች። ይህን የነገረችኝ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ስትነግረኝ እጆቿን እንዲህ ዘርግታ ታሳየኝ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄ አለኝ። ለተጊዮርጊስ ሸጠች ካሉ በስንት ሸጠች? እማኞቹ እነማን ነበሩ? የተጻፈበት የት አለ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ተማሪ ሲያርሙ ኖረዋልና ማስረጃ የሌለው መልስ ስንት እንደሚያገኝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

መዋጮውን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ፎቶዎቹንም። ያቺ ዓረፍተ ነገር እያለች ግን አንዱንም አልልክም። የአባቴን ስም ከእርሷ ሥር አላስጽፍም።

አክባሪዎ፣
ሰናይት


ወይራምባ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰናይት፤

በጤናና በሰላም ያቆይሽ። መልሴ የዘገየው በእኔ ጥፋት አይደለም፤ መንገዱ ለሃያ ቀን ተዘግቶ ደብዳቤሽ ባሕር ዳር ተቀምጦ ነበር።

ብርቱ ሰው መሆንሽን ከአጻጻፍሽ አይቻለሁ። ሆኖም መጽሐፍ ፍርድ ቤት አይደለም። ለተጊዮርጊስ መሸጧን ቢተው ለልጁ ነገረ፣ ልጁ ለአባቴ ለኪሩ ነገረ፣ አባቴ ለእኔ። ያልሽውን ተዝካር አላስታውሰውም። በዚያን ዘመን ሰው ይበዛል፣ እጅ አስታጣቢ ይሳሳታል፤ ለዚህ ስልሳ ዓመት ቂም አይያዝም።

ጽሑፍ ላልሽው፣ የዚያን ዘመን የመሬት ውል በቤተ ክርስቲያናችን ወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ እንደነበር እውነት ነው። ወንጌሉን መሪጌታ ተስፋጽዮን በዓመት አንድ ቀን፣ ለአስተርዮ ማርያም ብቻ ነው የሚያወጡት። ጽሑፉ ደቃቅ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነው። የእኔ ዓይን ደግሞ እንኳን እርሱን ይህንንም የምጽፈው በግምት ነው። ሐኪሙ ያዘዘልኝን መነጽር ባሕር ዳር ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ከዚህ ጋር ጽፌልሻለሁና እዚያ ከተገኘ ብትልኪልኝ ትጸድቂበታለሽ። መዋጮውንም አትርሺ፤ ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤሽ መምጣቱ ተሰምቶ ሰው እየጠየቀኝ ነው፦ የካምፓላዋ ልጅ መሬት ፈልጋ ነው ወይ? ማሳው ሁለት ጊዜ ተለክቶ በእኔ ስም የይዞታ ደብተር ወጥቶለታል። ይህን ያልሁት እንድታውቂው ያህል ነው።

መንግሥቱ


ካምፓላ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ መንግሥቱ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። መነጽሩ ይኸው። አየር መንገድ የምትሠራ ሔሊና የምትባል ደንበኛዬ አዲስ አበባ ድረስ ታደርሰዋለች፤ ከዚያ እስክንድር ይረከባታል። ከአስተርዮ በፊት እጅዎ እንዲገባ ምያለሁ። ሁለት ነው ያሠራሁት፤ አንዱ ቢሰበር ሰበብ እንዳይሆንብን።

መሬት ፈልጌ እንደሆነ ለጠየቁዎ ሰዎች እንዲህ ብላለች ይበሏቸው፦ ሰናይት ካምፓላ ውስጥ የተከራየችው ግቢ ለአበሳ ይበቃታል። ደብተርዎን ማንም አይነካብዎትም፤ መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ግን ዝንፍ አልልም።

አሁን ስለ ፎቶግራፉ። የግቢዬ ባለቤት ናሎንጎ ትባላለች፤ እዚህ መንታ የወለደች ሴት በክብር የምትጠራበት ስም ነው። በእነሱ አገር አንድ መሬት ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ወረቀቱን የያዘው ሰው ሙንዮንዮ ሰፈር፣ ሐይቁ ዳር ይኖራል፤ ናሎንጎ ደግሞ ወረቀት የላትም፣ ከአማቷ ጀምሮ ኖረውበት አርሰውበት የያዙት ነው። ኪባንጃ ይሉታል። የዛሬ ስድስት ዓመት ሰውየው ሊያስነሣት መጣ። የሰፈሩ ሊቀ መንበር ሽማግሌ ሰበሰበ፤ መጀመሪያ የጠየቁት ወረቀት አልነበረም። ማቶኬውን፣ ተቀቅሎ የሚበላውን ሙዝ፣ ማን ተከለው አሉ። ድንበሩ ላይ ያለውን ትልቁን የሙቱባ ዛፍ ማን ተከለው አሉ። አማቴ ናቸው አለች፤ ሽማግሎቹ መሰከሩላት፣ ሰውየው ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔም እዚያው ሻይ እያቀረብሁ ነበር።

የላኩልኝን ፎቶ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ሰክቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ናሎንጎ ረጅም ጊዜ አየችው። የማን ነው አለችኝ። የአያቶቼ ነበር፣ አሁን የዘመዴ ነው አልኋት።

«የሚያርሰው ሰው ባለቤቱ አይደለም» አለች።

«ሴትዮ፣ መቶ ሠላሳ ዓመት አርሰውታል» አልኋት።

«መቶ ሠላሳ ዓመት አርሶ አንድ ዛፍ ያልተከለ ሰው፣ የሰው መሬት ላይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው።» ይህን ብላ ሮሌክሷን፣ እንቁላል በቂጣ ማለት ነው፣ ጠቅልላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር የማየው ይህን ነው። ከማሳው ግራ ባሕር ዛፍ፣ ከማሳው ቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ከእርስዎ ቤት ጀርባ እንኳ ባሕር ዛፍ። ቀዩ ማሳ ላይ አንድም የለም። እርስዎ ለውበቱ ብለው ሽፋን አደረጉት። እኔ ግን እጠይቅዎታለሁ፦ ገዝታችሁት ከሆነ በአራት ትውልድ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አንዲት ችግኝ አላስቀመጠበትም? ማን ከለከላችሁ?

መነጽሩን ያድርጉና ጥር ሃያ አንድ ቀን ወንጌሉን ያንብቡልኝ።

ሰናይት


ወይራምባ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰናይት፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሁለቱም መነጽሮች ደርሰውኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክብረ በዓሉ በሰላም ተፈጽሟል። ሕዝቡ ብዙ ስለነበረ ወደ ወንጌሉ ለመቅረብ አልተመቸኝም።

ስለ መዋጮው፣ ተይው፤ አትላኪ፤ ሌሎች ሞልተውልናል። ያቺንም ዓረፍተ ነገር ላወጣት ወስኛለሁ። የለተጊዮርጊስ ስም ብቻ ይጻፋል፤ ስለ መሬቱ ምንም አይጻፍም። በዚህ ነገሩ ያበቃል ብዬ አምናለሁ።

ጾሙን የበረከት ያድርግልን።

መንግሥቱ


ካምፓላ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ መንግሥቱ፤

እንደ አባቴ ነዎትና በአክብሮት ልናገር፤ አክብሮቱ ግን አፌን አይዘጋውም።

በሁለት ደብዳቤ መዋጮ የጠየቁኝ ሰው በሦስተኛው አትላኪ አሉኝ። ደብዳቤዎ ሁልጊዜ ሁለት ገጽ ነበር፤ ይሄኛው ግማሽ ገጽ አልሞላም። እጅ ጽሑፍዎ ደግሞ ቀጥ ብሏል፤ መስመር አልሳተም። መነጽሩ በደንብ እየሠራ ነው ማለት ነው። አንብበውታል፣ ጋሽ መንግሥቱ። ምን እንዳነበቡ አላውቅም፤ ማንበብዎን ግን አውቃለሁ።

ዓረፍተ ነገሯ ትውጣ የሚለውን አልቀበልም። ድሮ ብትወጣ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን አይለኝም። ሻጭ ተብላ መቶ ሠላሳ ዓመት ተጠርታ ዛሬ በዝምታ ልትታለፍ? አያቴን ውሃ ይዞ ያለፋት ጎረምሳም እኮ ምንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ዝም ብሎ ነው ያለፋት። እርስዎም አሁን የሚሉኝ ያንኑ ነው።

ወይ ሸጠች ብለው ከነማስረጃው ያትሙት፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ አነባለሁ። ወይ ደግሞ ያነበቡትን ይጻፉ። ሦስተኛ መንገድ የለም። እምቢ ካሉኝ መሪጌታ ተስፋጽዮንን ራሴ እጠይቃለሁ፤ የዛሬ ዓመት አስተርዮ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። እኔ ዐሥራ አራት ዓመት በሰው አገር የቆየሁት ትዕግሥት ስላለኝ ሳይሆን እልህ ስላለኝ ነው።

መዋጮውን ለማንም አልሰጠሁትም፤ እዚሁ አለ።

ሰናይት ወንድይፍራው


ወይራምባ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰናይት፤

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ እንዳልቀደው ብዬ ሳልጨርስ ከወንበሩ አልነሣም።

አንብቤዋለሁ። ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ መሪጌታ ተስፋጽዮን ቅጠሉን ገልጠው ያዙልኝ። የሉቃስ ወንጌል በሚጀምርበት ኅዳግ ላይ ነው። ቃሉ እንዳለ ይኸውልሽ፦

«በ፲፰፻፹፪ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ከብት ባለቀበት ዓመት፣ የአውላቸው ልጅ ለተጊዮርጊስ ቀዩን ማሳ ለወንድሟ ለቢተው በሁለት ጭነት ገብስ ወለድ አገድ ሰጠች። ፍሬው የቢተው ነው፣ አፈሩ የለተጊዮርጊስ ነው። ዛፍ አይትከልበት፣ ቤት አይሥራበት፣ ሙት አይቅበርበት። እርሷ ወይም ከእርሷ የወጣ ሁሉ፣ ዘር ሳይገባ ገብሱን በመለሰ ቀን፣ ማሳው ይለቀቅ። ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን።»

ወለድ አገድ ሽያጭ አይደለም። ያበደረው ሰው በወለድ ፈንታ ፍሬውን ይበላል፤ ብድሩ ሲመለስለት መሬቱን ይመልሳል። ለተጊዮርጊስ በሬዎቿ አልቀው፣ የምታርስበት ሲጠፋት፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ምዕራብ ለመሄድ ስንቅ ነው የወሰደችው። ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው። ሳይመለሱ ቀሩ።

ሽያጭ ያደረገው አያቴ ነው። ግብር ሲመዘገብ፣ ይህ ማሳ የማን ነው ቢሉት፣ አባቴ ከእህቱ ገዝቶት ነው አለ። ለመዝጋቢው የተናገረውን በኋላ ለልጆቹም መናገር ነበረበት። ቢተው ለልጁ ነገረ ብዬ የጻፍሁልሽ ስሕተት ነው፤ ቢተው እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም።

አባቴ ግን እውነቱን ያውቅ እንደነበር አሁን ገባኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከወንዝ ዳር አንዲት የዋንዛ ችግኝ ነቅዬ በቀዩ ማሳ ላይኛው ጠርዝ ተከልኋት፤ በቅል ውሃ እያመላለስሁ አጠጣኋት። አባቴ ሲያያት «ንቀል፤ የሰው ነው» አለኝ። የማን ነው ስለው መታኝ። ነቀልኋት። ስናድግ እኛ መሬቱ ዛፍ አይወድም ይሉ ነበር እያልን ለልጆቻችን አወራን። ምን አስፈርቶን እንደነበር የሚያውቅ በቤታችን አልቀረም፤ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። እኔም ተምሬ፣ አስተምሬ፣ አንድም ቀን ሳልጠይቅ ፎቶግራፍ አንሥቼ ሽፋን አደረግሁት።

አንድ የቀረኝ አለ። ተዝካሩን አላስታውሰውም ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ተዝካሩ የአያቴ ነበር፤ የዐሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ውሃውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ታደለች ነጭ ነጠላ ለብሰው ደጃፉ ጋ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ዘርግተውልኝ ነበር። አባቴ ከወዲያ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ አለፍኋቸው። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ማተሚያውን አስቁሜዋለሁ። አሁን የምታደርጊኝን አድርጊኝ።

መንግሥቱ


ካምፓላ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ መንግሥቱ፤

ደብዳቤዎን ያነበብሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ምግብ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉንም ትቼ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ። ናሎንጎ መጥታ ሰው ሞተብሽ ወይ አለችኝ። አልሞተብኝም፣ አንዲት ሴት ስሟን አገኘች አልኋት።

ስለ ውሃው ይህን እላለሁ። የአያቴን ይቅርታ እኔ ልሰጥዎ አልችልም፤ የራሴን ግን እሰጥዎታለሁ።

አሁን ሥራ አለን። ውሉ ገብሱ በተመለሰ ቀን ይላል፣ ዘር ሳይገባ ይላል፣ ከእርሷ የወጣ ሁሉ ይላል። እኔ ከእርሷ የወጣሁ ነኝ፤ ዘርም ገና አልገባም። በመዋጮው ገንዘብ እስክንድር ከገበያ ሁለት ጭነት ነጭ ገብስ ይገዛል። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በአህያ ያመጣዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ መሪጌታ ተስፋጽዮንና የሰፈሩ ሽማግሎች ባሉበት፣ ለእርስዎ ያስረክባል። እርስዎ የቢተው ወራሽ ነዎትና የሚረከቡት እርስዎ ነዎት።

መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው አይጠፋም። ይበል። ለተጊዮርጊስ እመልሳለሁ ብላ ነው የሄደችው። ዘሯ ረስቶ ቀረ አይባልም፤ ከአሁን ወዲያ ማንም አይለውም።

እስክንድር ዓይን አፋር ነው። ደጃፍ ጋ እንዳያስቀምጡብኝ።

ሰናይት


ወይራምባ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰናይት፤

አምላክ ዘመንሽን ያርዝመው። ገብሱ ቅዳሜ ደረሰ። አራት አህያ ነበር፣ እስክንድር ከፊት እየሄደ። ውሉ ሁለት ጭነት ይላል፤ አራት ያመጣኸው ለምንድን ነው ስለው፣ የቀረው ከእህቴ ነው፣ ሰው እንዳይጾም ብላለች አለኝ።

መሪጌታ ተስፋጽዮን ወንጌሉን ያለ ወሩ፣ ያለ በዓሉ አወጡት። ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡ። ከእኛ ቤት የተቆጣም ነበረ፤ ልጄ ዳግማዊት ሳትቀር አባባ ራስህን አዋረድህ አለችኝ። እኔ ግን በሰው ፊት ቆሜ ተቀበልሁ አልሁ፤ መሪጌታም ከውሉ ሥር «ተመለሰ» ብለው ቀኑን ጻፉበት።

ከዚያ ሰው ሁሉ እኔ ቤት ገባ። እጅ የሚያስታጥቡ ልጆች ሞልተው ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ወሰድሁት። ጉልበቴ አልታጠፍ እያለኝ ለሁሉም ያስታጠብሁት እኔ ነኝ። የጀመርሁት ከደጃፉ ነው። እስክንድር እምቢ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት ብሎ ሊነሣ ቢል፣ ተቀመጥ፣ ይህ ውሃ የዘገየ ነው አልሁት።

ገጽ ዐሥራ አራት እንዲህ ሆኗል፦ «ለተጊዮርጊስ አውላቸው፦ በክፉ ቀን ልጆቿን ለማዳን ቀዩን ማሳ ለወንድሟ ለቢተው በወለድ አገድ ሰጥታ ወደ ምዕራብ ሄደች። የቢተው ልጅ ማሳውን እንደ ተሸጠ አስመዘገበ፤ ይህ እውነት አልነበረም። ከዘሯ ሰናይት ወንድይፍራው በ2017 ዓ.ም. ከካምፓላ ገብሱን መለሰች።» አንድ ቃል ቢጐድል ንገሪኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ማሳው ታርሶ ተለስልሶ ዘር ይጠብቃል። ደብተሩ በእኔ ስም ነው፤ እኔ ግን ከቅዳሜ ወዲህ እግሬን ላሳርፍበት አልቻልሁም። ልዝራ ወይስ ልተወው? ባለቤቷን ሳልጠይቅ አላደርገውም።

መንግሥቱ ኪሩ


ካምፓላ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሽ መንግሥቱ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ገጽ ዐሥራ አራት ምንም አይጐድለውም፤ ይታተም። ፎቶዎቹን ዛሬ ልኬያለሁ። የአያቴን ትልቅ አድርገው ያውጡልኝ፤ እጆቿ እንዲታዩ።

ማሳውን ይዝሩት። እርሻው የእርስዎ ይሁን፣ ከእርስዎም በኋላ የዳግማዊት፤ ፍሬውን ብሉት፣ ሲተርፍ ለማርያም ስጡ። የዳግማዊት ቁጣ ሲበርድ ሰላም ይበሉልኝ።

ግን አንድ ነገር አዛለሁ፣ ማዘዝ ስለምችል። ክረምቱ ገብቷል፤ አፈሩ ርሷል። ወንዝ ዳር ይውረዱና አንዲት የዋንዛ ችግኝ ይፈልጉ። በቀዩ ማሳ ላይኛው ጠርዝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ የተከሉባትን ቦታ ያውቋታል፤ እዚያው ይትከሏት። በቅል ውሃ ያጠጧት።

ንቀል የሚል ከመጣ ይህን ደብዳቤ ያሳዩት።

የለተጊዮርጊስ ዘር፣
ሰናይት ወንድይፍራው